የገጣሚው መንጋጋ

ሰው ታላቅ ገጣሚ የሚሆነው በምንድን ነው ብሎ የሚጠይቃት ቢመጣ፣ የአውቶቡስ ጣቢያው የስምሪት ሠራተኛ መልሷ አንድ ነው፤ «እኔ ምን አውቄ! የባሌን መንጋጋ ጠይቁት።» ይህን የምትለው እየሳቀች እንዳይመስላችሁ። አንድ እጇ ድምፅ ማጉያው ላይ፣ ሁለት ዓይኗ ግቢው ላይ፣ ቆሽቷ አርሮ ነው የምትለው።

የምትሠራው ጣቢያው መሀል በቆመች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ከወንበሯ ሆና ሁሉም ይታያታል፤ ጎማ በእርግጫ እየመታ የሚፈትሽ ሹፌር፣ በር ላይ የሚጋፋ ተሳፋሪ፣ ሻንጣውን መሬት ጥሎ ሻይ ሊጠጣ የሄደ ግድየለሽ መንገደኛ። እሷ ካላለች አንድም አውቶቡስ አይንቀሳቀስም። ሹፌሮቹ ስሟን ከረሱት ቆይተዋል፤ ሥራዋን ስም አድርገው «ስምሪት» ይሏታል። ቁጡ ናት። ቁጣዋ ግን እንደ መኪና ጥሩምባ ነው፤ ሰው እንዳይገጭ ነው የምትጮኸው።

ባሏ ከጣቢያው ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። ልጆቹ «ፊሽካ» ይሉታል፤ ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅማ። ሰውዬው ጤና ራሱ ነው። ሌላው ሰው ጠዋት ሲነሳ ያዛጋል፤ እሱ ይዘላል። ጉንፋን ቤቱ ቢገባ እንኳ አድራሻ ተሳስቶ የመጣ ይመስል ሳይቀመጥ ይወጣል። ይኸው ሰው ግጥም ይጽፋል። ስለሚያየው ነገር ነበር የሚጽፈው፤ ገመድ ዝላይ ላይ ተራ ስለማይደርሳት ቀጭን ልጅ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ብስኩት ስለሚደብቅ የትምህርት ቤት ዘበኛ። ወጥ ቤት ገብቶ፣ ስምሪት ድንች እየላጠች፣ ቆሞ ያነብላታል። እሷም ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ «ይሄ ደህና ነው» ወይም «ይሄኛውን እንኳ ተወው» ትለዋለች። አንዳንዴ ትሳሳታለች፤ እሱም ይከራከራታል፤ ድንቹ ያርራል። በዚህ ሁኔታ በሰላም ይኖሩ ነበር።

ሰላሙን ያደፈረሰው ሐያሲው ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ የግጥም ክበብ አለ። ክበቡ በየዓመቱ የአንድ ገጣሚ መጽሐፍ ያሳትማል። የማን እንደሚታተም የሚወስነው ጉባኤው ነው ይባላል፤ ይባላል እንጂ፣ ጉባኤው ራሱን የሚነቀንቀው ሐያሲው ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ነው። ፊሽካ ተነስቶ ስለ ዘበኛው ብስኩት ያነበበ ቀን ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ። ሐያሲው ግን መነጽሩን አውልቆ፣ ወልውሎ፣ መልሶ አድርጎ፦

«ጥሩ ነው» አለ። «ጤናማ ግጥም ነው። ችግሩም ይኸው ነው። ወንድሜ፣ ግጥም የሚፈልቀው ከቁስል ነው። ታላላቆቹን ተመልከት፤ አንዱን ሳንባው ገደለው፣ አንዱን ፍቅር አሳበደው፣ አንዱን ረሀብ ቀጣው። አንተስ ምን አለህ? ሚስት፣ ደሞዝ፣ ጉልበት። በዚህ ታላቅ መሆን አይቻልም።»

ጉባኤው ራሱን ነቀነቀ።

እስቲ ፍረዱ! አንድ ሰው በሰላም ውሎ በሰላም ስለገባ ተከሰሰ። ሳንባው የገደለው ገጣሚ ሳንባው ባይገድለው ኖሮ ምን ያህል ይጽፍ ነበር ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ከዚያ ምድር ቤት አልተገኘም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ይሄኛውን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ ቁስሉ ሳይኖር እንጨቱን ይዞ መምጣቱ ነው።

ፊሽካ ቤት ገብቶ ወንበር ላይ ተዘረጋ።

«ምን ሆንክ?» አለች ስምሪት።

«ቁስል የለኝም።»

«እሰይ!»

«አይ፣ አልገባሽም። መከራ የለኝም ነው የምልሽ። ለዚህ ነው ታላቅ ያልሆንኩት።»

«መከራ ከፈለግክ ነገ ከኔ ጋር ና። ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት አራት መቶ ሰው መስታወቴን ሲደበድብ ታያለህ።»

አልሳቀም። ያኔ ነው ስምሪት የደነገጠችው፤ ይህ ሰው ቀልድ አምልጦት አያውቅማ።

ከዚያ በኋላ መከራ ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ ፍራሹን ትቶ ወለል ላይ ተኛ፤ ወገቡ ተስማምቶት እንደ ሕፃን አንቀላፋ፣ እንዲያውም አንኮራፋ። ቁርስ መብላት ተወ፤ ሰውነቱ ቀለለና ልጆቹን በሩጫ ቀደማቸው። ጃንጥላ ጥሎ በዝናብ ሄደ፤ ጉንጩ ቀልቶ፣ አምሮበት ተመለሰ። ሰውዬው ለመከራ እንኳ አልታደለም! «አየሽ?» ይላታል ልብሱን እየጨመቀ፣ «ምንም!» ስምሪት ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ውሃ እየጠረገች፣ «ለኔ ግን ደርሶኛል» ትለዋለች።

በኋላ መንጋጋው መጣ።

አንድ ቀን ጠዋት ደረቅ ዳቦ ሲነክስ ከታች በቀኝ በኩል፣ ከመጨረሻው ጥርስ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጉንጩን ይዞ ወጥ ቤት ገባ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ በርቷል።

«መጣልኝ!» አለ።

«ማን መጣልህ?»

«ሕመም! እንዴት ያለ ሕመም መሰለሽ! ጆሮዬ ድረስ ይሄዳል። ቆይ፣ እርሳስ ስጪኝ!»

ስምሪት ቦርሳዋን አነሳች። «እርሳስ አይደለም የምሰጥህ። ተነስ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ እንሂድ።»

«አይነቀልም!» አለና መንጋጋውን በሁለት እጁ ሸፈነው፤ ልጁን ሊወስዱበት የመጡ ይመስል።

በዚያው ዕለት ሁለት መስመር ጻፈ፦

*በመንጋጋዬ ሥር እሳት ተቀበረ፣*
*ሌሊቱ እንደ ምስማር ራሴን ቦረቦረ።*

ቅዳሜ ሲያነበው ሐያሲው ከወንበሩ ብድግ አለ። «አሁን መጣህ!» አለው። «ይህን መንገድ እንዳትለቅ። በሚመጣው ወር የመጽሐፍ ምርጫ አለ። ረጅም አድርገህ ይዘህልኝ ና።» ጉባኤው ነቀነቀ።

እንግዲህ ረጅም የተባለው ግጥም ነው፤ የረዘመው ግን ሕመሙ ነው። ጉንጩ አበጠ። በመጀመሪያ ከረሜላ የጎረሰ መሰለ፤ ቀጥሎ ብርቱካን፤ ቀጥሎ ምን እንደጎረሰ ለመናገር የሚያስቸግር ሆነ። ፊሽካውን መንፋት አቃተው፤ ሜዳ ላይ በእጁ እያጨበጨበ ልጆቹን ያሯሩጥ ጀመር። ልጆቹም አብረው እያጨበጨቡ ሳቁበት። ገመድ ዝላይ ላይ ማን ተራ እንደደረሰው፣ ማን እንዳልደረሰው አያይም። ዘበኛው ሰላም ሲለው አይሰማም። ቤት ሲገባ ስምሪት ስለ ውሎዋ ስትነግረው፣ መሀል ላይ ጣቱን አንስቶ «ቆይ፣ አሁን ደግሞ በግራ በኩል ወጋኝ» ብሎ ይጽፋል። ዓለም ሁሉ ጠብቦ አንዲት ጥርስ አክሎ ነበር።

ስምሪት እንደማትችለው ስታውቅ ተንኮል ሠራች። የሕመም ማስታገሻ ፈጭታ ሾርባው ውስጥ በተነችው። ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ጉንጩን ዳበሰ፤ እንደገና ዳበሰ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ቀነሰብኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ሕመሙ! ጠፋብኝ እኮ! አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረግሽኝ? መሀል ስንኝ ላይ ነበርኩ!»

ሲሻለው የሚቆጣ በሽተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስምሪት ግን አየች። ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ፣ «ጨጓራዬን ላጥከው!» አለችው። «ጥርስህን ሳይሆን ጨጓራዬን ነው ያሳመምከው። እሱንም ጻፍበት!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባውን ራሱ መቅዳት ጀመረ።

ታናሽ እህቷ ነርስ ናት። እሁድ መጥታ በስልኳ መብራት አፉን አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መግል ቋጥሯል። ወደ አንገት እየወረደ ነው። ከወረደ ደግሞ መተንፈሻህን ይዘጋዋል። ነገ ሳይሆን ዛሬ መነቀል አለበት።»

«ቅዳሜ ምርጫው ነው» አለ፣ አፉ እየተንሻፈፈ። «ከቅዳሜ በኋላ ይነቀል። መጨረሻው ብቻ ነው የቀረኝ።»

«የማን መጨረሻ?» አለች እህቷ።

እህቷ ስምሪትን ወደ በሩ ወስዳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ ቀልድ አይደለም። በዚህ ሰው ይሞታል» አለቻት።

በማግሥቱ ስምሪት ለተተኪዋ ማጉያውን ሰጥታ፣ የማትወደውን ደጅ ልትጠና ሐያሲው ቤት ሄደች። ሐያሲው ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ትራስ በተደራረበበት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«በሩን ዝጊልኝ እባክሽ፤ ነፋስ አይስማማኝም» አላት ገና ሳትገባ። ዘጋችለት።

«ባሌ ሊሞትብኝ ነው» አለች።

«ማነው ባልሽ?»

«መንጋጋው።»

«አሃ! ትልቅ ተስፋ ያለው ሰው ነው።»

«ተስፋው አንገቱ ላይ ወርዷል፤ አብጧል። ነርስ አይታው ይነቀል ብላለች። እኔ ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። የእርስዎን ቃል ግን ይሰማል። አንዲት ቃል ይበሉልኝ፤ አስነቅለው ይበሉት።»

ሐያሲው መነጽሩን አወለቀ። ስምሪት ውልወላው እንደሚከተል ገብቷት ደሟ ፈላ።

«እመቤት፣ እኔ ማንንም ጥርስህን አታስነቅል አላልኩም።»

«ታላቅ ለመሆን መታመም አለብህ ብለዋል።»

«አጠቃላይ ሐሳብ ነው የሰነዘርኩት።»

«አጠቃላዩ ሐሳብ የኔ ባል አፍ ውስጥ ገብቶ መግል ሆኗል!»

«ጥበብ ዋጋ ያስከፍላል…»

«ማንን? እርስዎን? በሩ ትንሽ ቢከፈት አልተስማማዎትም!»

«እመቤት፣ የገጣሚን መንገድ ማቋረጥ አልችልም። ህሊናዬ አይፈቅድም።»

«እንግዲያው ህሊናዎን ብርድ ልብስ ያልብሱት» አለችና ወጣች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ነው የተወችው። ትክክል አልነበረም፤ ሰውዬው ሽማግሌ ነው። ግን እስካሁን ድረስ አልጸጸታትም።

ዓርብ ከምሳ በፊት ሁለት መምህራን ፊሽካን በብብቱ ደግፈው በጣቢያው የኋላ በር አስገቡት። ሜዳ ላይ ወድቆ ነው። አንገቱ ከአገጩ ጋር አንድ ሆኗል፤ ሲተነፍስ የተዘጋ ቧንቧ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ያወጣል። አምቡላንስ ተጠራ፤ «በመንገድ ላይ ነው» ተባለ። በየትኛው መንገድ እንደሆነ የነገራቸው የለም። ስምሪት ከመስታወቷ ወደ ግቢው ተመለከተች። ያሉት አውቶቡሶች ሁሉ ወጥተዋል። የቀረችው አንዲት ናት። ተሳፋሪ ሞልታ፣ ሞተሯ ተነስቶ፣ ልትወጣ ተዘጋጅታለች። መሪውን የያዘው ደግሞ «ቀስ በቀስ» ነው።

ሹፌሩ ይህን ስም ያገኘው በሥራው ነው። ኤሊ ብታገኘው «እለፊ እህቴ» ብሎ መንገድ የሚለቅ ሰው ነው። ስምሪት በሕይወቷ በዚህ ሰው ላይ የጮኸችውን ያህል በማንም ላይ አልጮኸችም። ምርጫ አልነበራትም። ማጉያውን አነሳች።

«ትኩረት! ትኩረት! አምስተኛው መውጫ ላይ ያለችው መኪና መስመር ቀይራለች። ወደ ሆስፒታል ነው የምትሄደው። መውረድ የሚፈልግ ይውረድ።»

ማንም አልወረደም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ከመቅረት ማየት ይሻላል። ፊሽካን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ስምሪት ከሹፌሩ ጀርባ ቆመች።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አሉ አንዲት ዘንቢል የታቀፉ እናት።

«ጥርስ ነው እማማ።»

«ጥርስ? እስከዚህ እስኪደርስ ምን ሲጠብቅ ነበር?»

«ግጥም እየጻፈበት ነበር።»

የተሳፋሪው ሁሉ አንገት ወደ ፊት ወንበር ዞረ።

«በጥርሱ?» አለ ከኋላ አንድ ወጣት።

«ሥራ የለውም እንዴ?» አለ ሌላ።

«አለው። መምህር ነው።»

«ታዲያ ጤነኛ ነው?»

«ጤነኝነቱ ነው ለዚህ ያበቃው» አለች ስምሪት፤ ድምፅዋም ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የቀለደ የለም። ሴትየዋ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ጀርባውን ያሹት ጀመር።

«ቀስ በቀስ፣ ንዳ!»

«እየነዳሁ ነው እኮ እትዬ።»

«ብስክሌት ቀደመን!»

«ሰው ይዤ ነው።»

«እኔስ ምን የያዝኩ መሰለህ? ዛሬ እንኳ ስምህን ቀይር!»

ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ። ፊሽካን አየው። ከንፈሩ ወደ ሰማያዊ እየሄደ ነበር። መብራቱን አበራ፣ ጥሩምባውን ተጫነ፣ ሳይለቅ ነዳ። ያቺ አሮጌ አውቶቡስ የፈጣሪን ስም በሚያስጠራ ፍጥነት መንገዱን ቀደደችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆሙ ሹፌሩ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ሁለተኛ እንዳታዢኝ» አላት።

ቀዶ ሐኪሙ አንገቱን ከፍቶ መግሉን አወጣው፤ መንጋጋውንም ነቀለው። ወጥቶ፣ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የማወራሽ። ለጊዜው መናገር አይችልም፤ አፉም ይታሠራል» አላት። ከዚያ፣ አንዳንድ ሰው ስለሚጠይቅ ይሆናል፣ «ጥርሱን ትወስጂዋለሽ?» አላት።

«ይጣል!» አለች። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ስምሪት በአልጋው ጎን ተቀምጣ ሾርባ በማንኪያ ትሰጠዋለች። ፊቱ ከአገጭ እስከ አናት በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ዓይኑና ማንኪያ የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ይታያሉ። ያ ዓይን ከነጋ ጀምሮ እረፍት የለውም። እጁን ያነሳል፤ በአየር ላይ ይጽፋል፤ ብዕር ስጪኝ ነው። ስምሪት አይታ እንዳላየች ትሆናለች።

«ብዕር የለም። ሾርባህን ጨርስ።»

እንደገና አየር ላይ ጻፈ።

«አልሰጥህም አልኩ! ለምን እንደምትፈልገው አውቃለሁ። እኔን መቅበርህ ነው ወይስ ራስህን? ዋጥ!»

ዋጠ። ዓይኑ ግን አሁንም በትከሻዋ በኩል አልፎ ከኋላዋ ያያል። ስምሪት ዞር ብላ አላየችም። የደከመው ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያየው፤ እሷም ማንኪያዋን ነበር የምታየው።

በዚህ መሀል ሐያሲው ገባ። ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ክፍሉ የሱ የሆነ ይመስል።

«ወንድሜ! ከሞት አፋፍ ተመለስክ! አሁን ነው ገጣሚ የሆንከው! ማታ ምርጫው ነው። ሁሉም ያንተን ነው የሚጠብቀው። እስቲ፣ ከአፋፉ ምን ይዘህ መጣህ? አንድ መስመር እንኳ ትበቃኛለች፤ እኔ ራሴ አነብልሃለሁ።»

ስምሪት «ውጡ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሐያሲው ከደረት ኪሱ ብዕርና ወረቀት አውጥቶ ለባሏ አቀበለው። ፊሽካ ብዕሩን ቀማው ማለት ይቀላል። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በፍጥነት ጻፈ። ስምሪት አጎንብሳ አነበበች፦

ያ ሰውዬ ትራስ የለውም።

«ጀመርክ!» ብላ ጮኸች። «ጀመርክ ደግሞ! ገና ፋሻህ ሳይፈታ! አሁን ደግሞ ሰውዬ፣ ትራስ፣ ምናምን! ነገ ሳንባህን ልታሳምም ነው? አልችልም፣ ሰማህ? አልችልህም!»

ሐያሲው ግን ወረቀቱን ነጥቆ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። አንድ እጁን አነሳ።

«ያ… ሰውዬ…» አለ፤ ቆመ፤ ተነፈሰ፤ «ትራስ… የለውም! አምላኬ! እንዴት ያለ መስመር ነው! ሰውዬው ማነው? የሰው ልጅ ነው! ትራሱስ? ዕረፍት ነው፣ ተስፋ ነው! ይኸው፣ መከራ ታላቅ አደረገህ!»

ፊሽካ «አይደለም» በሚል ራሱን ወዘወዘ። ሐያሲው ትሕትና መሰለው። ፊሽካ አልጋውን በመዳፉ መታ፣ ፋሻው ሥር አጉረመረመ፣ ጣቱን ዘርግቶ አመለከተ፤ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደሚቀጥለው አልጋ። ዓይኑ የመረረው ሰው ዓይን ነበር። ሁለቱም፣ የምትጮኸውም የሚያደንቀውም፣ እኩል አማርረውታል።

ስምሪት ያኔ ዞረች።

ከጀርባዋ ባለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝቷል። እግሩ በጀሶ ታስሯል፤ ጠያቂ የለው፣ ዕቃ የለው። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ወድቆ፣ አንገቱ ተቀልብሶ፣ የተጠቀለለ ሱሪ ከሥሩ እየሸሸበት በእጁ ይጎትተዋል። ከትናንት ጀምሮ ጀርባዋን ሰጥታው የተቀመጠችው ለዚህ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም። ባሏ ግን መናገር ሳይችል፣ አንገቱ ተቀዶ፣ ከነጋ ጀምሮ የሚለምናት ለዚህ ሰው ኖሯል።

«እኔን ነው የምታወሩት?» አለ ሽማግሌው።

ስምሪት ፊቷ ነደደ። እፍረት እሷ ጋ ሲደርስ ምንጊዜም ቁጣ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ የወጣው ደግሞ ሐያሲው ላይ ነው።

«ሰውዬው ሰውዬው ነው!» አለችው። «ትራሱም ትራስ ነው! እዚህ ነው ያለው! ዓይን የለዎትም?»

ሐያሲው ወደ ሽማግሌው አየት አደረገ። መነጽሩን አስተካከለ። «የመነሻው ሁኔታ ለኪነ ጥበቡ አስፈላጊ አይደለም» አለ። ወረቀቱንም አጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ።

ማታ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ አነበበው። ሰው ቆሞ አጨበጨበ፤ ያለቀሰም ነበር፤ መጽሐፉም ለፊሽካ ተወሰነ። ስለ ሰው ልጅና ስለ ዕረፍት ብዙ ተባለ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ለመሆኑ ሰውዬው ትራስ አገኘ?» ያለ አንድም አልነበረም። እንግዲህ ታላቅነትን የሚሸልሙን እነዚህ ናቸው።

ስምሪት በበኩሏ ያን ጠዋት፣ ገና ሐያሲው ሳይርቅ፣ በኮሪደሩ ወርዳ ንብረት ክፍል መስኮት ላይ ደረሰች። ከመስኮቱ ወዲያ አንዲት ሴት ጥፍሯን ትሞርዳለች።

«ትራስ ስጪኝ።»

«ለባልሽ ትናንት ሰጥተናል።»

«ለባሌ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ባሌ ላየው ሰው።»

«ዘመድሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ዘመድ ካልሆነ አንቺን ምን አገባሽ? ለዚያውም ትራስ የለም።»

ስምሪት ክርኗን መስኮቱ ላይ አደረገች። «የኔ እህት፣ እኔ ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሹፌር ‹መኪናው ተበላሽቷል› ይለኛል፤ እኔም መኪናው ወጥቶ እስካይ እዚያው እቆማለሁ። ከጀርባሽ ያለው ነጭ ክምር ጥጥ ነው ብለሽ ነው? አልሄድም። ወንበር ካለሽ ወንበር ስጪኝ።» ከኋላዋ ሰልፉ እየረዘመ፣ ማጉረምረሙ እየበዛ ሄደ። ሴትየዋ አንድ ትራስ ወረወረችላት።

ክፍሉ ተመልሳ የሽማግሌውን ራስ በእጇ ደግፋ ሱሪውን አወጣች፤ ትራሱን አስገባች።

«ከፍ አለ» አለ ሽማግሌው።

ደበደበችውና ዝቅ አደረገችው።

«አሁን ደግሞ ዝቅ አለ።»

«አባቴ፣ ትራስ ነው እንጂ ሊፍት አይደለም!» አለች። እንደገና አስተካከለችው። ሽማግሌው አንገቱን ወዲያና ወዲህ አደረገ፤ ተነፈሰ።

«አሁን ደህና ነው። ያ ፋሻ ያለው ነው አይደል ያስመጣልኝ? ሲያየኝ ነው የዋለው። ተባረክ በይልኝ። ሥራው ምንድን ነው?»

ስምሪት ወደ ባሏ ዞረች። ተኝቷል፤ ብዕሩ ደረቱ ላይ ወድቋል።

«ገጣሚ ነው» አለች።

«ውይ!» አለ ሽማግሌው። «እኔ ደግሞ ደህና ሰው መስሎኝ!»